ሽንት ሌሊት ያመልጠኛል፤ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ወይስ ልቅር?

የጤና ጥያቄና መልስ ዓምድ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ በሚሆንበት ሰሞን ወደዚህ ዓምድ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች መካከል ስም ያልተጻፈባቸው ይበዛሉ። በዚህ እትም ሦስቱን ይዘናል፤ ሦስቱም ሽንትን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፊ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ የሰጠነው ለእርሱ ነው። ጸሐፊዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይረናል።

ጥያቄ 1

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው በደቡብ ወሎ በምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፌ ከቤተሰቤ በጣም ርቆ ወደሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤያለሁ። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ደስ ብሎታል፤ እኔ ግን የመግቢያው ቀን በቀረበ ቁጥር እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ሌሊት አልጋ ላይ እሸናለሁ። ቀን ቀን ሽንቴ ሲመጣ በጣም ያጣድፈኛል እንጂ አያመልጠኝም። ልጅ ሳለሁ በሳማ ተገርፌበታለሁ፣ ጸበልም ተወስጃለሁ። አሁን ግን ማንም ምንም አይለኝም፤ እናቴ በማለዳ ተነሥታ አንሶላዬን ዝም ብላ ታጥባለች። አባቴም በልጅነቱ እንዲሁ እንደነበረ አክስቴ አንድ ጊዜ ስትናገር ሰምቻለሁ።

የ12ኛ ክፍል ፈተናን ለመፈተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን ባደርንባቸው ቀናት ከቀትር በኋላ ውኃ አልጠጣሁም፣ ሌሊቱንም ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነው ያሳለፍኩት። አንድ ሳምንት በዚህ መልኩ ይገፋል፤ አራት ዓመት ግን አይገፋም። ዶርም ውስጥ ብዙ ሆነን በተደራራቢ አልጋ ልንተኛ ነው። የላይኛው አልጋ ቢደርሰኝስ? እዚሁ ከተማችን ባለው የግል ኮሌጅ በማታ ብማር ወይም ትምህርቱን ትቼ አጎቴ ሱቅ ብገባ ይሻለኛል? ይህ ነገር በሽታ ነው ወይስ የእኔ ስንፍና? እባክዎ ምክርዎን አይንፈጉኝ።

ስሜ ይቆይ፣ ከደቡብ ወሎ

መልስ

ውድ ወንድማችን፣ ከደብዳቤህ መጨረሻ እንጀምር። ምደባህን አትተው፤ ነገር ግን ሐኪም ሳያይህ አውቶቡስ አትሳፈር።

ስንፍና አይደለም። የተኛ ሰው ፈቃዱ አብሮት ስለሚተኛ ያላወቀውን ነገር ሊያስቀረው አይችልም። አልጋ ላይ መሽናት በልጅነት የሚቀር ነገር ተደርጎ ይቆጠራል እንጂ ከአዋቂዎችም ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህሉ ከዚህ ችግር ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል። በሺህ የሚቆጠሩ አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ግቢ አንተ ብቻህን ልትሆን አትችልም ማለት ነው፤ ሌሎቹም እንዳንተው ዝም ስላሉ ብቻ አትተዋወቁም። አክስትህ የተናገሩትም ቁም ነገር አለው። ከወላጆቹ አንዱ በልጅነቱ ይህ ችግር የነበረበት ልጅ እርሱም የመያዝ ዕድሉ ከመቶ 44 አካባቢ እንደሆነ፣ ሁለቱም ከነበረባቸው ደግሞ ወደ 77 ከፍ እንደሚል በሕክምናው ዘንድ በሰፊው ይጠቀሳል። ስለዚህ አባትህን ለብቻቸው አግኝተህ ብትጠይቃቸው ጥሩ ነው፤ በስንት ዓመታቸው እንደተዋቸው ማወቅ ለሐኪሙም ይጠቅማል፣ አንተም ከቤተሰቡ መካከል ይህን ነገር ብዙ ሳታብራራለት የሚረዳህ ሰው ታገኛለህ።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። አንጎል ሌሊት ላይ ቫሶፕረሲን የሚባለውን ሆርሞን ከቀኑ አብልጦ ይለቃል፤ ሆርሞኑም ኩላሊት ውኃውን ወደ ደም መልሶ እንዲያስቀርና የሽንቱ መጠን እንዲያንስ ያደርጋል። የአዋቂ ሰው የሽንት ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚይዝ ጤነኛ ሰው እስኪነጋ ይደርሳል። በአንዳንድ ሰው ግን ሆርሞኑ ሌሊት በበቂ መጠን ስለማይወጣ ሽንቱ ይበዛል። በሌላው ደግሞ ፊኛው ገና ሳይሞላ ጡንቻው ራሱን በራሱ ይኮማተራል። ሁለቱም ዓይነት ሰዎች የሚጋሩት ነገር ፊኛው የሚልከው ምልክት ከእንቅልፍ የማያነቃቸው መሆኑ ነው። አንተ ቀን ላይ ሽንት ያጣድፈኛል ማለትህ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ያመለክታል፤ ይህን ነገር ለሐኪሙ ሳትነግር እንዳትወጣ፣ ምክንያቱም የሚታዘዝልህን መድኃኒት ሊለውጠው ይችላል።

ወደ ሐኪም ከመሄድህ በፊት ግን አንድ የቤት ሥራ አለህ። ባለ ሚሊ ሊትር መለኪያ ጆግ ግዛና ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት የምትጠጣውን ሁሉ፣ የምትሸናውንም ሁሉ ከሰዓቱ ጋር በደብተር ጻፍ። ያመለጠህንም ሌሊት ጻፍ፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደረጠብህ ከታወቀህ ሰዓቱን፣ ብዙ ወይም ትንሽ መሆኑን አክል። በአንተ ዕድሜ ባለ ሰው የሌሊቱ ሽንት የሃያ አራቱ ሰዓት ሽንት አንድ አምስተኛ ያህል ቢሆን ነው የሚጠበቀው፤ ከዚያ በእጅጉ ከበለጠ ችግሩ ሌሊት የሚመረተው ሽንት መብዛት ነው፣ ካልበለጠና ቀን ቀን በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ የምትሸና ከሆነ ደግሞ የፊኛው መጣደፍ ነው። ይህን ደብተር ይዞ የገባ ታካሚ የሐኪሙን ሥራ ግማሹን ሠርቶለታል። ብዙ ሰው ሐፍረቱን ታግሎ ሐኪም ፊት ከቀረበ በኋላ «ሽንት ያስቸግረኛል» ብሎ በደፈናው ተናግሮ የኢንፌክሽን መድኃኒት ይዞ ይመለሳል፤ አንተ «19 ዓመቴ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ተኝቼ አልጋ ላይ እሸናለሁ» በል እንጂ ዙሪያውን አትሂድ።

ሐኪሙ ሽንትህን ያስመረምራል፣ የደም ስኳርህን ያያል፣ እንደ ሁኔታው ኩላሊትና ፊኛህን በአልትራሳውንድ ሊያሳይ፣ ከሸናህ በኋላ በፊኛህ ውስጥ የሚቀር ሽንት መኖሩንም ሊያስለካ ይችላል። ስለ ሆድ ድርቀትም ይጠይቅሃል፤ የተጠራቀመ ዓይነ ምድር ፊኛውን ስለሚጫነው ድርቀቱን ማከም ብቻውን ሌሊቱን የሚያሻሽልላቸው ሰዎች አሉ። በእንቅልፍህ በኃይል የምታንኮራፋና ትንፋሽ የሚቆራረጥብህ ከሆነም ተናገር፤ ይህም አንዱ መንስኤ ነው። እግርህ እየደነዘዘ ወይም እየከዳህ ከሆነ፣ በመቀመጫህ አካባቢ ስሜት ካጣህ፣ ዓይነ ምድርም የሚያመልጥህ ከሆነ፣ ወይም ሽንትህ ደም ካለው ይህ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ በአስቸኳይ መታየት ይኖርብሃል። ከዓመታት ደረቅ ሌሊቶች በኋላ በድንገት የጀመረ ከሆነም መንስኤውን በጥብቅ መፈለግ ያስፈልጋል፤ የአንተ ግን ከሕፃንነትህ ያልተቋረጠ ስለሆነ ከዚህ ወገን አይመስልም።

ስለ ሕክምናው ሁለት ነገር እንበል። ዴስሞፕረሲን የሚባል ኪኒን የጎደለውን ሆርሞን ሥራ ስለሚሠራ ሌሊት የሚመረተውን ሽንት ይቀንሳል፤ ከመኝታ በፊት ይወሰዳል፣ በሚሠራላቸው ሰዎች ላይም ውጤቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያል። ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለው፤ ከመዋጥህ ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ፣ ከዋጥህ በኋላም ስምንት ሰዓታት እስኪያልፉ ድረስ ከጥቂት ጉንጭ በላይ ፈሳሽ መጠጣት ክልክል ነው። ሰውነት ውኃውን ማስወጣት ስለማይችል በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መንዘፍዘፍ ያመጣል። ስለዚህ ከጓደኛ ተቀብሎ የሚዋጥ ኪኒን አይደለም። ለፊኛ መጣደፍ ደግሞ እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ ጡንቻውን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች አሉ። የትኛውም ቢታዘዝልህ በየከተማው ሁልጊዜ አይገኝ ይሆናልና የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት ይዘህ መሄድ የምትችልበትን መንገድ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገር።

ሌላው እርጥበት ሲነካው የሚጮህ መሣሪያ ነው። ከኪኒኑ በተለየ አንጎል የፊኛውን ጥሪ እንዲሰማ የሚያለማምድ በመሆኑ ለአንዳንዶች ከቆመም በኋላ ውጤቱ ይዘልቃል፤ ነገር ግን ሁለትና ሦስት ወር በየሌሊቱ መደረግ አለበት። ይህን ስምንት ሰው በተኛበት ክፍል ማሰብ ከባድ ነው። የሚንዘረዘር እንጂ የማይጮህም ዓይነት አለ፤ እንቅልፉ የከበደ ሰው ግን ላይሰማው ይችላል። የእኔ አስተያየት መሣሪያውን ካገኘኸው ቤትህ ሆነህ ከአሁኑ እንድትጀምረው፣ ካልደረሰም በክረምቱ ዕረፍት እንድትይዘው ነው።

ውኃ የመተውህን ነገር ግን ልነቅፈው ነው። ቀኑን ሙሉ ውኃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ይወፍራል፣ የወፈረ ሽንትም ፊኛውን ይቆጣዋል፣ ሆዱም ይደርቃል፤ ሁለቱም ሌሊቱን ያብሱታል። ተጠምቶና እንቅልፍ አጥቶ ፈተና አልፎ መመደብህ ይገርማል፤ እንደዚያ ሆነህ ግን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አትከታተልም። በቀን አንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ጠጣ፤ ብዙውን ከጠዋት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርስና ከእራት በኋላ ተወው። ቡናና ሻይ ከቀትር በኋላ ይቅሩ። ጸበል የምትጠጣም ከሆነ በጠዋት አድርገው፤ ጸበሉም መድኃኒቱም አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በግቢ ሕይወት የሚያጋጥምህን ሌላ ነገርም ልንገርህ፤ ለፈተና ጫት ቅመው በላዩ ውኃና ለስላሳ እየጨመሩ አምሽተው በመጨረሻ በጨብሲ ቢራ የሚዘጉ ተማሪዎች አሉ። ለአንተ ከዚህ የከፋ ሌሊት የለም፤ አልኮሉ ሽንት ያበዛል፣ እንቅልፉንም እንደ ድንጋይ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዶርሙ እንግባ፤ ሕክምናው እስኪይዝህ የምትኖረው እዚያ ነውና። የታችኛውን አልጋ ከተቻለም በበሩ በኩል ያለውን ማግኘት አለብህ። ይህ በመጀመሪያው ቀን ከፕሮክተሩ (ከዶርሙ ተቆጣጣሪ) ጋር የምትጨርሰው ጉዳይ ነው፤ «በሕክምና ላይ ስለሆንኩ ሌሊት እነሣለሁ» ብትል ከዚህ የበለጠ ማብራራት የለብህም፣ የሐኪም ወረቀት ካለህ ደግሞ ጥያቄም አይነሣም። ፍራሹን ለመሸፈን ወደ ልብስ ሰፊ ሂድና የጠረጴዛ ላስቲክ በሚሠራበት ዓይነት ጨርቅ ዙሪያውን የሚያለብስ ዚፕ ያለው ሽፋን አሰፋ። ላስቲኩ ለብቻው ሲገላበጡበት ይንኮሻኮሻል፣ ያልባልም፤ ስለዚህ ወፈር ያለ የጥጥ አንሶላ በላዩ አንጥፍ። ጠቆር ያለ ቀለም ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት አንሶላዎች ያዝ። የአዋቂ ዳይፐር በትልልቅ ከተሞች ፋርማሲዎችና ሱፐርማርኬቶች ይገኛል፤ በየቀኑ ለመግዛት ውድ ስለሆነ ለፈተና ሰሞንና ለጉዞ ብታስቀምጠው ይሻላል። የተጠቀምህበትን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለህ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣል፤ ሽንት ቤት ውስጥ ከጣልከው ቱቦውን ይዘጋና ጉዳዩ የሕንጻው ሁሉ ይሆናል።

የሚያስፈራህ ሽታው እንደሆነ እገምታለሁ። ትኩስ ሽንት ብዙም አይሸትም፤ የሚሸተው ሲቆይ ባክቴሪያ ወደ አሞንያ ሲለውጠው ነው። ስለዚህ የረጠበውን አንሶላ ሳፋ ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃ ወዲያው ንከረው፣ በዱቄት ሳሙና እጠበውና ፀሐይ ላይ አስጣው። የግቢ ውኃ ስለሚቋረጥ ክዳኑ የሚጠብቅ አንድ ጀሪካን ሞልተህ አልጋህ ሥር አኑር። አደራ የምልህ ነገር ቢኖር ሽንት ያለበትን ጨርቅ በበረኪና አትዘፍዝፍ፤ በረኪና ከአሞንያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ይብሳል። ገላህንም በማለዳ ታጠብና የሚቆጣውን ቆዳ ቫዝሊን ቀባው።

ማታ ከመተኛትህ በፊት ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተህ ሽና። በደብተርህ አማካይነት የሚያመልጥህን ሰዓት ካወቅህ ስልክህን በንዝረት አድርገህ ከዚያ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲያነቃህ አድርግ፤ በሽታውን አያድንም፣ ፍራሹን ግን ያደርቃል። ሽንት ቤቱ በኮሪደሩ ጫፍ ከሆነ ባትሪና ነጠላ ጫማህን በእጅ በሚደረስበት ቦታ አኑር።

ለሁሉም መናገር የለብህም፤ ለአንድ ሰው ግን ብትናገር እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ካለፈ በኋላ ከክፍሉ ልጆች ረጋ ያለውን ምረጥና «የጤና ችግር አለብኝ፣ ሕክምና ላይ ነኝ፤ አንዳንድ ሌሊት ሽንት ያመልጠኛል፣ ንጽሕናዬን ራሴ እጠብቃለሁ» በለው። ነገሩን ከአንተ አፍ የሰማ ሰው ሌሎቹ ሲያሙህ አፋቸውን ይይዛል፤ ሳትነግረው በራሱ ያወቀ ሰው ግን አብሮ ያማል።

የቢሮው ጉዳይ አጭር ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ሁኔታዎችን በተቻለ መጠን እንዲያመቻቹ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። ይሁንና ፕሮክተር ፊት ሕግ ከመጥቀስ ይልቅ የሆስፒታል ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክና ወደ ተማሪዎች ዲን ቢሮ ይዞ መሄድ ይቀላል። ደብዳቤው የበሽታውን ስም ዘርዝሮ መጻፍ የለበትም፤ «በሕክምና ክትትል ላይ ስለሆነ የታችኛው አልጋ እንዲሰጠው፣ ሌሊት ለመውጣትና በፈተና ሰዓት ሽንት ቤት ለመሄድ እንዲፈቀድለት» የሚል ቢሆን ይበቃል። በጤና ምክንያት የምደባ ለውጥ የሚጠየቅበት አሠራርም አለ፤ እኔ ግን ሐኪምህ በቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል ካላለ በቀር አልመክርህም። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለምሳሌ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር፣ የራሳቸው ማስተማሪያ ሆስፒታል አላቸው፤ የተመደብክበት ከእነዚህ ዓይነቶቹ አንዱ ከሆነ ከወረዳህ ይልቅ እዚያ ስፔሻሊስት ታገኝ ይሆናል።

የማታ ኮሌጁን በተመለከተ፣ የምትወደው የትምህርት ዓይነት እዚያ ቢኖር ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። አንተ ግን የመረጥከው ትምህርቱን ሳይሆን የእናትህን ቤት ነው። ሕክምናው አልያዘልህ ቢልና አንደኛው ሴሚስተር ቢከብድህ በሐኪም ማስረጃ አቋርጦ በቀጣዩ ዓመት መመለስ ይቻላል፤ ያልተመዘገበ ሰው ግን የሚመለስበት ቦታ የለውም። ለእናትህም እስክትሄድ ድረስ አንሶላውን ራስህ እንደምታጥብ ንገራቸው፤ እጅህ ከአሁኑ ይልመደው።

ጥያቄ 2

ውድ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የ24 ዓመት ሴት ነኝ። 9ኛ ክፍል ሳለሁ ተድሬ ምጥ ሦስት ቀን ጸናብኝ፤ ልጁም አልተረፈም፣ እኔም ፌስቱላ፣ ማለትም በምጥ ጉዳት የተከፈተ ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ተረፈኝ። ባሕር ዳር በሚገኘው የፌስቱላ ማዕከል ታክሜ ቀዳዳው ተዘጋልኝና ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። አሁን 12ኛ ክፍል ጨርሼ ሚድዋይፍ ለመሆን የጤና ሳይንስ ትምህርት ላይ ተመድቤያለሁ። ነገር ግን ሳስል፣ ስስቅ ወይም ጀሪካን ሳነሣ ሽንት ጠብ ይላል። ሆስፒታል ውስጥ ለረጅም ሰዓት ቆሞ መለማመድ እንዳለ ሰምቻለሁ። በነጩ ጋውን ላይ ቢታይስ? ሽታ ቢኖረኝና ታካሚዎቹ ቢያፍሩብኝስ?

መልስ

ውድ እህታችን፣ ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላም ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ቀዳዳው ተመልሶ ከተከፈተ ሽንቱ ቀንም ሌሊትም፣ ተኝተሽም ሳይቀር ያለማቋረጥ ይፈሳል። የአንቺ ግን በማሳልና በማንሣት ጊዜ ብቻ የሚመጣ ስለሆነ በረጅሙ ምጥ የተጎዳው የሽንት መውጫው መዝጊያ መድከሙ ይመስላል። ይህን በግምት መተው አይገባም። ሐኪሞች ቀለም ያለው ውኃ ወደ ፊኛ አስገብተው ከየት እንደሚወጣ በማየት በቀላሉ ያረጋግጣሉ። ትምህርት ከመጀመርሽ በፊት ወዳከመሽ ማዕከል ተመለሺ። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ሆስፒታልም ሆነ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ያሉት ቅርንጫፎቹ ሕክምናውን በነፃ ነው የሚሰጡት፤ ቀዳዳ ዘግተው የሚያሰናብቱ ብቻ ሳይሆኑ እንዲህ ዓይነቱን ቅሪት ችግርም የሚከታተሉ ናቸው።

የዳሌ ሥር ጡንቻ እንቅስቃሴ በባለሙያ ተማሪና ሥሪው። ሽንትና ጋዝ ለመያዝ የምትጨብጪውን ጡንቻ ጨብጠሽ እስከ አሥር ሰኮንድ ያዢ፣ ልቀቂ፤ ይህን ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። ሆድሽና ጭንሽ መወጠር የለበትም፣ ትንፋሽሽንም አትያዢ። ሦስት ወር ሳይሞላው አልሠራም ብለሽ አትተዪው። ሊያስልሽ ወይም ዕቃ ልታነሺ ስትዪ አስቀድመሽ ጨብጪ፤ ይህች ልማድ ብቻዋን ብዙ ጠብታ ታስቀራለች። ይህ ካልበቃ የቀዶ ሕክምና አማራጮች አሉ።

በልምምድ ጊዜ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ሳይመጣብሽ ሂጂና ሽኚ። የወር አበባ ሞዴስ ደም እንጂ ብዙ ሽንት ለመያዝ የተሠራ ስላልሆነ ለሽንት የሚሆነውን ካገኘሽ እርሱን ተጠቀሚ፤ ካላገኘሽ ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ከጋውኑ ሥር ጠቆር ያለ ልብስ ልበሺ፣ በቦርሳሽም አንድ ቅያሪ ይኑር። ፌስቱላ የነበረባቸው ሴቶች ውኃ መጠጣት እንደሚፈሩ እናውቃለን፤ አንቺ ግን ጠጪ፣ የቀጠነ ሽንት ሽታውም ያነሰ ነው፣ ቆዳም አያቃጥልም።

ስለ ሙያው የጠየቅሽውን ከሐኪምነት ይልቅ እንደ አንድ ሰው ልመልስልሽ። ማሚቱ ጋሼ በዚያው ሆስፒታል ታካሚ ሆና ገብታ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት ከሃምሊኖቹ ጎን ቆማ ተምራ፣ የታወቀች የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆናለች። አንቺ ደግሞ በትምህርት ማስረጃሽ ነው የምትገቢው። ሦስት ቀን ምጥ የጸናባት ሴት አልጋ አጠገብ ስትቆሚ ምን እንደሚያስፈልጋት ከክፍል ጓደኞችሽ ቀድመሽ ታውቂያለሽ። አንድ የግልሽን ጉዳይ ግን አትርሺ፤ ወደፊት ብታረግዢ በሆስፒታል ክትትል አድርጊ፣ የምትወልጂውም በቀዶ ሕክምና መሆን ስለሚኖርበት ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለሐኪምሽ ታሪክሽን ንገሪ።

ጥያቄ 3

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከክፍላችን አንዱ ልጅ ሌሊት አልጋው ላይ እንደሚሸና ሁላችንም ደርሰንበታል፤ እርሱ ግን ያወቅን አይመስለውም። የሚተኛው ላይኛው አልጋ ላይ ነው። አንዳንዶቻችን ከክፍሉ እንዲወጣልን ማመልከቻ እንጻፍ እያሉ ነው። እኔ ልጁ ያሳዝነኛል፣ ሽታውም ደግሞ ያስቸግረኛል። ምን ይሻላል?

መልስ

ወንድማችን፣ ሽታው ማስቸገሩ እውነት ነው፤ ይህን በመናገርህ ክፉ ሰው አትሆንም። ነገር ግን ማመልከቻው ክፍሉን ቢያጸዳም ልጁን ግቢውን ለቅቆ እንዲሄድ ሊያደርገው ይችላል። ሁላችሁም ተሰብስባችሁ አታነጋግሩት፤ ስድስት ሰው ፊት የሚጠየቅ ሰው ይክዳል፣ ከካደ በኋላ ደግሞ እርዳታ መጠየቅ አይችልም። አንተ ብቻህን፣ ከግቢ ውጭ ሻይ እየጠጣችሁ፣ «ሌሊት የሚያስቸግርህ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ የሚታከም ነገር ነው፣ ክሊኒክ አብሬህ እሄዳለሁ» በለው። ቢቆጣ ታገሠውና ሌላ ቀን ሞክር። ለመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፍራሽ ሽፋን፣ ስለ አንሶላና ስለ በረኪና የጻፍነውን ገጽ ብትሰጠውም ይበቃል።

የቀሩት ልጆች ማመልከቻውን እንዲያቆዩት የአንድ ወር ጊዜ ጠይቃቸው። በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይም ስለ እርሱ አንድም ቃል እንዳይጻፍ፣ ለቀልድም ቢሆን፣ ጠንክረህ ተናገር። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከአንድ ልጅ ጋር አልጋ ተለዋውጦ ወደ ታች እንዲወርድ አድርግ፤ የአንተ የታችኛው ከሆነ የራስህን ስጠው።